ባለ ሦስት ሰው ድንኳኔ ከ14 ወር በኋላ፦ ጫካ ያልጎዳውን ቤት ጎዳው

እህቴ ግቢ ድንኳን አስጥቼ እያለሁ ጎረቤቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ኮምቦልቻ ነው፣ እሑድ ጠዋት። በሩ ላይ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምነው ልጄ፣ ማን አረፈ?" አሉኝ። እጄ በሳሙና ውሃ እንደራሰ ቀና አልኩ። "ኧረ ማንም አላረፈም እማማ፣ አጥቤው ላደርቀው ነው።" ዞር ብለው አዩት። ተተክሎ እንኳ ደረታቸው ላይ ነው የሚደርሰው። "ታዲያ ይኼ ስንት ለቀስተኛ ይይዛል?" ብለው ሳቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቡናው ደርሶ ነበር፣ ገቡ።

አይፈረድባቸውም። እኛ ጋ ድንኳን የእድር ነው። ሠርግ ወይ ለቅሶ ካልሆነ ማን ድንኳን ይተክላል? ገንዘብ አውጥቼ፣ አልጋዬን ጥዬ፣ ጫካ ገብቼ መሬት ላይ የምተኛው ለምን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። እኔ ግን ይኸው 14 ወር ሆነኝ፣ ድንኳኑም ብዙ ነገር አይቷል፣ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ዕቃው ይኼ ነው። ካርቶኑ ላይ ባለ ሦስት ሰው ይላል። ድርብ ነው፤ ውስጠኛው ግማሹ ጨርቅ፣ ግማሹ እንደ ወንፊት ያለ መረብ ነው፣ ከላይ የሚለብሰው ደግሞ ውሃ የማያስገባ ፖሊስተር። ሁለት የፋይበርግላስ ዘንጎች መስቀለኛ ተሻግረው ያቆሙታል። ክብደቱ 3.8 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። አላመንኩም፣ ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፣ 4.1 መጣ። ባለ ሥጋ ቤቱ "አጥንቱ ነው" አለኝ።

አምና መስከረም መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ለሥራ የሄደ ጓደኛዬ ነው ገዝቶ በአውቶቡስ ያመጣልኝ። 11,500 ብር። ደሴ ላይ አስተማሪ ነኝ፤ ይኼ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ የሆነ ያውቀዋል። የድንኳኑን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ያንኑ ድንኳን አምስት ዓይነት ስም ለጥፈው ነው የሚሸጡት።

እስካሁን 11 ጊዜ ወጥቼ 17 ሌሊት አድሬበታለሁ። ስድስቱ ጉዞ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የጎፍ ደን ነው። ሦስቱ አርድቦ ሐይቅ ዳር። አንዱ ደሴ ያለው ጦሳ ተራራ ጎን ነው፣ እሱን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ውሻ ሲጮህብን ስላደረ ብዙም አልቆጥረውም። ረጅሙ ደግሞ በትምህርት ቤት እረፍት መንዝ ጓሳ፣ አራት ሌሊት። ብዙ ጊዜ የምንሄደው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ሒሳብ ያስተምራል። ያንኮራፋል።

ባለ ሦስት ሰው የሚለው ነገር እውነት ነው ለማለት ሦስቱም በአንድ ጎን መተኛት አለባቸው፣ አንዱ ሲገላበጥም ሁሉም መገላበጥ አለበት። ለሁለት ሰውና ለሁለት ቦርሳ ግን ልክ ነው። ከሚያስፈልጋችሁ በአንድ ሰው ከፍ ያለ ግዙ፣ በዚህ አትከራከሩኝ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሳያስፈቅዱ መሄድ የለም። ለቀበሌው እንናገራለን፣ ለደን ጠባቂዎቹ እንናገራለን፣ ከሥር ላሉት አርሶ አደሮችም እንናገራለን። ሦስት ጊዜ ተዘጋጅተን፣ ስንቃችንን ቋጥረን "ዛሬ ይቅርባችሁ" ተብለን ተመልሰናል። ለምን ብለን አልጠየቅንም። ቆሎውን ቤት ቁጭ ብለን በላን።

የጎፍን ለማታውቁት፣ ከኮምቦልቻ ቀና ስትሉ የምታዩት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተራራ ነው። ጥዱም ወይራውም አለ። ሲመሽ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከተማው ከነኢንዱስትሪ ፓርኩ መብራት ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል፣ እናንተ ግን ጅብ እየሰማችሁ ነው። የካምፕ ቦታ ስል ታዲያ በር ያለው፣ ቧንቧ ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠባቂው "እዚህ ይሻላችኋል" ብለው በዱላቸው ያሳዩን ደልዳላ መሬት ነው። ውሃ በ10 ሊትር ጀሪካን ተሸክመን እንወጣለን። ለሽንት ቤት ከድንኳኑም ከውሃም ራቅ ብለን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረን አፈሩን እንመልሳለን። የቆመ ዛፍ መንካት አይታሰብም፤ ሻይም ምግብም በትንሿ ቡታጋዝ ነው። ምግቡን ደግሞ ድንኳን ውስጥ አናሳድርም፣ ጅብ አፍንጫው ከእኛ ይበልጣል።

መጀመሪያ የተማርኩት ስለ ድንኳኑ ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው። ታኅሣሥ ነበር፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የሚያድርበት ጊዜ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብዬ ተማሪዎቼን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ለካ በቃሌ ነው የያዝኩት። ሁለት ጋቢና አንድ በርኖስ ደርበን ተኛን፣ ከሥራችን ጣት የማታህል ስፖንጅ አንጥፈን። ከላይ ሞቆናል። ጀርባችን ግን ድንጋይ ሆነ። እየተገላበጥን፣ እንደ ቂጣ አንዱን ጎን ስናሞቅ ሌላው እየቀዘቀዘብን ነጋ። እኔ ጥፋቱን በድንኳኑ ላይ ጣልኩ፣ "ስስ ነው፣ ብርድ ያስገባል" እያልኩ።

ጠዋት ጠባቂው መጡ። ሸበቶ ሰው ናቸው፣ ቶሎ አይናገሩም። ገልጠው ውስጡን አዩ፣ ስፖንጁን በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው መሬት ነካ። "እናንተ ልጆች፣ ከላይ ሦስት ደርባችሁ ከታች ራቁታችሁን ነው የተኛችሁት። ቤታችሁ አጎዛ የለም እንዴ?" አሉን። አፈርን። የበግ ለምድ ተነጥፎ ያደገ ሰው ከቻይና ስፖንጅ ገዝቶ በብርድ ማደሩ ያሳፍራል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ድንኳን የሚከለክለው ነፋስና ዝናብ ነው እንጂ መሬት ሙቀት ሲስብ ምንም አይል። የተኛንበት ነገር ደግሞ በክብደታችን ሲጨፈለቅ አየር አይይዝም። ጠጉሩ ያልተሸለተ አጎዛ ግን አይጨፈለቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት አጎዛ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም፣ ከሥሩ ስፖንጁ፣ ከላዩ አጎዛው። ሽታው ትንሽ አለው፣ ትለምዱታላችሁ።

ዝናቡን ልንገራችሁ። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ የጎፍ ላይ ያዘን። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው የጀመረው፣ መጀመሪያ በረዶ ነበር፣ ጨርቁ እንደ መንዙማ ድቤ ሲደበደብ እርስ በርሳችን መሰማማት አቃተን፣ ከዚያ በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረደ። እኔ በባትሪ ጥግ ጥጉን ስፈትሽ፣ ስፌቱን ስዳስስ ነበር። ጠብ ያለ የለም። ካርቶኑ ላይ 3,000 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ጨርቁ ላይ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም እስከዚያ ድረስ አያሳልፍም ማለት ነው። ዝናብ ያን ያህል አይጫንም። ይልቅ እርጥብ መሬት ላይ በጉልበታችሁ ስትንበረከኩ ወለሉን የምትጫኑት ይብሳል። ስለዚህ ጥሩ ነጥብ ሰጥቼው ተኛሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ቀሰቀሰኝ። "አፈሰሰ" አለኝ። ግንባሩ ላይ ጠብ ብሎበት ነው። ባትሪ አበራሁ። የላይኛው ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ በጠብታ ተሞልቷል፣ ስፌቱን ተከትለው እንደ ጨሌ ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ እየወፈረ እየወፈረ ይመጣና ከጎኑ ካለው ጋር ሲገናኝ ይወርዳል፣ በመረቡ አልፎ ፊት ላይ። ውጭ ግን ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ ኮከብ ወጥቷል። በጣም ተናደድኩ። 11,500 ብር!

እንጀራ ሲጋገር አክንባሎ ሥር የሚጠራቀመውን ላብ ታውቁታላችሁ። እሱ ነው። የዝናብ ውሃ አይደለም፣ የእኛው ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው፣ እርጥብ ጫማ፣ እርጥብ ጃኬት፣ ብርዱን ፈርተን ጥርቅም አድርገን የዘጋነው ዚፕና የአየር መውጫ ሲጨመርበት፣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል። ለማረጋገጥ ቤት ተመልሼ ግቢ ውስጥ ተከልኩትና የአትክልት ውሃ ማጠጫ ይዤ አሥር ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ላይ አፈሰስኩበት። ውስጡ ደረቅ። ስለዚህ በድንኳኑ ላይ ያወራሁትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩ።

አሁን ቢበርድም ባይበርድም ከላይ ያሉትን ሁለቱን የአየር መውጫዎች ክፍት አድርጌ፣ የበሩንም ዚፕ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍቼ ነው የምተኛው። የላይኛው ልብስ ከውስጠኛው ጋር እንዳይነካካ ገመዱን በደንብ መወጠር ነው። እርጥብ ጫማ ውጭ ያድራል። ጠብታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ፊታችሁ ላይ አይወርድም። አርድቦ ሐይቅ ዳር ግን ምንም ብታደርጉ ትረጥባላችሁ፣ ጤዛው ከሐይቁ ነው የሚመጣው። ከውሃው ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ትከሉ።

አየር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ሌሊት ባልደረባዬ ከሰል ምድጃውን በሩ ጋ እናስገባው ብሎ ነበር። አይሆንም አልኩት፣ ተኮራረፍን። የከሰል ጭስ ቤት ዘግተው ያደሩ ስንት ሰው እንደወሰደ እያወቅን ድንኳን ውስጥ እናስገባ? መርዙ አይሸት፣ አይታይ። ቡታጋዙም እንደዚያው ነው፣ የሚበስለው ውጭ ነው። ብርድ ከሆነ ውሃ አፍልታችሁ በኮዳ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ፣ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ያድራል።

ጦጣዋ። ግንቦት ላይ፣ የጎፍ። ምንጩ ጋ ደርሰን ስንመለስ አንዲት ጦጣ ድንኳናችን ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ድፎ ዳቦ ትበላለች። ዳቦው ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳው ድንኳን ውስጥ ነበር፣ ድንኳኑ ደግሞ ዚፑ ተዘግቷል። በዚፑ አልገባችማ! መረቡን በጥፍሯ ተርትራው ነው የገባችው፣ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቀዳዳ። ስንቀርባት አልተቻኮለችም። ደሴ ተመልሼ አራዳ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው መረቡን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና "ይኼማ አጎበር ነው" አለ። ቤት ከተረፈ አሮጌ አጎበር ቆርጬ አመጣሁለት፣ ድርብ አድርጎ ጣፈው፣ 80 ብር። ከዋናው መረብ ይልቅ ጠንካራው እሱ ነው አሁን። ወንጀሉ የድንኳኑ አይደለም፣ ምግቡን ትተን የሄድነው እኛ ነን። ሌሊት ለጅብ የምናደርገውን ጥንቃቄ ቀን ለጦጣ አላደረግንም።

አሁን ወደ እውነተኛው ድክመቱ ልምጣ፣ ዘንጎቹ። በጥር ማብቂያ በጣርማ በር አድርገን፣ በመሐል ሜዳው መንገድ ጓሳ ሄድን። እዚያ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ከ3,200 ሜትር በላይ። ዛፍ ብዙ የለም፤ ጓሳ ሣርና አስታ ነው። የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚሉት የቆየ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ ነው ያቆየው። ጭላዳው መንጋ ሆኖ ከድንኳናችን አጠገብ ሣር ሲነጭ ያረፍዳል። ቀይ ቀበሮም አንድ ጠዋት አየን፣ በሩቁ፣ አይጥ ስታደባ። ውበቱን ብዙ ላወራው እችል ነበር፣ ግን ነፋሱ አላስወራኝም።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነፋሱ ከጎን መጣ። ድንኳኑ ይጎነበሳል፣ ይነሳል፣ ይጎነበሳል። ጨርቁ ቻለ፣ ስፌቱ ቻለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ እንደ ደረቅ ሸንኮራ፣ ከዚያ ጣራው ፊታችን ላይ ወደቀ። ዘንጉ ተሰብሯል፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ቃጫ ተሰነጣጥቆ። በእጄ ያዝኩት፣ አትያዙት! የማይታይ እሾህ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጣቴን ሲለበልበኝ ነበር፣ በመጨረሻ ፕላስተር ለጥፌ በመንጨት ነው የወጣልኝ። በዚያ ሌሊት ባልደረባዬ ወጌሻ ሆነ። የእንጨት ማንኪያ ከጎኑ አድርጎ በፕላስተር ጠመጠመው፣ እኔ ባትሪ ያዝኩ፣ እሱ "አትንቀሳቀስ" እያለ ዘንጉን ይቆጣል። እስከ ንጋት ያዘ።

ገመዱም አንዱ ተበጥሶ ነበር። ጠዋት አብሮን የነበረው የአካባቢው አስጎብኚ አየውና ዝም ብሎ ጓሳ ሣር ነቅሎ፣ ቁጭ ብሎ፣ በመዳፉና በጭኑ መሐል እየፈተለ የክንድ ርዝመት ሁለት ጊዜ የሚሆን ገመድ ሠራልን። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ካርቶኑ ውስጥ ከመጡት ገመዶች ሁለቱ ከዚያ በኋላ ተበጥሰዋል። የጓሳው ገመድ አሁንም አለ።

ዘንጉን ደሴ ላይ አሠራሁት። መለዋወጫ የሚሸጥ አላገኘሁም፣ ዕቃውን የሸጠው ሱቅ ጋ ጓደኛዬ ቢጠይቅልኝ "ሙሉውን ግዛ" ነው ያሉት። ስለዚህ የአሮጌ ቴሌቪዥን አንቴና ፈለግኩ። የአንቴናው ቧንቧ ባዶ ነው፣ ቀጭኑን ወፍራሙን መርጣችሁ በልኩ ታገኛላችሁ። አንድ ስንዝር ቆርጬ፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ በብረት መጋዝ አስተካክዬ፣ በሁለት በኩል አስገብቼ በሙጫ አጣበቅኩት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አልተነቃነቀም። የቀረውን የአንቴና ቁራጭ ቦርሳ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው፤ ሌላው ዘንግም ቀኑን እየጠበቀ ያለ ይመስለኛል።

ካስማዎቹን ብዙ አላወራም። እንደ ሽቦ የቀጠኑ ናቸው፣ የጎፍ ድንጋያማ መሬት ላይ በመጀመሪያው ቀን ስድስቱ ጎበጡ። ብየዳ ቤት ሄጄ ከስድስት ቁጥር ፌሮ አሥር ካስማ አስቆረጥኩ፣ ጫፉን አሾሎ ራሱን ቆልምሞ ሰጠኝ። ይከብዳሉ። ግን በድንጋይ ብትደበድቧቸው ምንም አይሉም። ዚፑ አቧራ ሲገባበት ይይዛል፣ ሻማ ስታሹበት ይለቃል። ጥርሱ መግጠም ሲያቅተው ደግሞ ተንሸራታቹን በፒንሳ ቀስ አድርጎ መጫን ነው። ብዙ ከጫናችሁት ግን ይሰበራል፣ ታዲያ አትውቀሱኝ።

እንግዲህ ነፋሱንም በረዶውንም ጦጣዋንም የቻለ ድንኳን ሊሞትብኝ የነበረው የት ነው? ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን አንድ ሌሊት አድረን በዝናብ ተመለስን። ፈተና ማረም ነበረብኝ። ድንኳኑን እንደረጠበ ጠቅልዬ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋሁት፣ ነገ አሰጣዋለሁ ብዬ። ደሴ ክረምት ላይ ነገ የሚባል ነገር የለም። ጭጋጉ ከጦሳ ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ትንሽ ገለጥ ይላል፣ ልብስ ልታሰጡ ስትወጡ ዝናቡ ይቀድማችኋል። ካልሲ በሦስት ቀን አይደርቅም። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ እናቴ ክፍሌን ልታጸዳ ገብታ "አልጋህ ሥር የሞተ ነገር አለ" አለችኝ።

ከረጢቱን ስፈታ ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ ጤፍ የተበተነ ሻጋታ። የወለሉ አንድ ጥግ ደግሞ እጄ ላይ ተጣበቀ፣ እንደ ቀለጠ ከረሜላ። ይኼኛው ነው ክፉው። ጨርቁን ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርገው ውስጥ በኩል የተቀባው ፖሊዩሬቴን የሚባል ስስ ሽፋን ነው፤ እርጥበት ላይ ብዙ ሲቆይ ራሱ ይበሰብሳል፣ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ እንደ ፎረፎር ይረግፋል። አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም። 17 ሌሊት ጫካ ውስጥ ያላገኘውን ጉዳት በሰባት ሳምንት አልጋ ሥር አገኘው። ዕቃው ቀሽም ስለሆነ አይደለም፣ ውዱም ቢሆን በዚህ አያያዝ አንድ ነው።

ማጠቡንም ልሳሳት ነበር። እናቴ በረኪና አቀበለችኝ፣ ልጨምር ስል ትዝ አለኝና ተውኩት። በረኪናም ኦሞም ሽፋኑን ይበላዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ስፖንጅ፣ በቃ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ነጠብጣቡ አልለቀቀም፣ ሽታው ግን አብዛኛው ሄደ። የሚጣበቀውን ጥግ በውጭ በኩል ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩለት፣ ከድንኳኑ ወለል በአራት ጣት ያነሰ አድርጌ፤ ከወለሉ ከተረፈ ዝናብ ይሰበስብና ከሥራችሁ ኩሬ ይሆናል።

ለማድረቅ ነው እንግዲህ ኮምቦልቻ የወረድኩት። የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዳችሁ ሌላ አገር ነው። 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሚኒባሱ መስኮት ላይ የነበረው ጉም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ታች ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ደሴ ላይ ሳምንት የሚፈጀው እህቴ ግቢ ከጠዋት እስከ ቀትር ይደርቃል። ያውም በበረንዳው ጥላ እንጂ በፀሐይ አይደለም፤ ፀሐይ ጨርቁን ታደክማለች፣ የኔው ጣራ ከብርቱካናማ ወደ ዱባ፣ ከዱባ ወደ ሽሮ መልክ እየሄደ ነው። እና አሁን ሥርዓት አውጥቻለሁ። ከጫካ ስመለስ ቀጥታ ወደ ደሴ አልወጣም፤ ድንኳኑን እህቴ ጋ ጥዬ ነው የምወጣው። ስፌቱና የማዕዘኑ እጥፋት ውስጥ ያለው እርጥበት መጨረሻ ነው የሚደርቀው፣ እሱን በጣት ዳስሶ ነው መጠቅለል። በጠባቡ ከረጢት አልመልሰውም፣ በጆንያ ለቀቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

መልሼ እገዛዋለሁ ወይ? በዚያው ዋጋ ከሆነ አዎ፣ ግን ዘንጉ አሉሚኒየም የሆነ ካገኘሁ ሁለት ሺህ ብር ብጨምር አይቆጨኝም። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ሚሊ ሜትሩን ነው የሚያነብላችሁ። ተዉት። ዘንጉን አስወጡት፣ ወለሉ በጎን በኩል አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ የሚወጣ መሆኑን እዩ፣ የአየር መውጫው ከላይ መሆኑን እዩ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሻጩ ከተሰላቸ ይሰላች። የደን ጠባቂውን አጎዛ ደግሞ ማንም ሱቅ አይነግራችሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ድንኳኑን ላመጣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኅዳር ነው፣ በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት። ግቢ ስገባ ድንኳኔ ተተክሏል፣ ላዩ ተገልጧል፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። እህቴ "ዶሮ አያስገባም፣ አቧራ አያስገባም፣ ሌሊት ጤዛ አይነካውም፣ እንዴት ያለ ነገር ነው የገዛኸው!" አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አመስግናኝ። ሁለት ጊዜ አራገፍኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ አልለቀቀም። ትላንት ክፍሌ ውስጥ ዘርግቼ ገብቼ ስተኛ አሥራ አንድ ጊዜ አስነጠሰኝ። ሻጋታው ግን አይሸትም። የሚቀጥለው ሳምንት የጎፍ ነን፣ ያቺ ጦጣ እስቲ ትምጣ።